የሚጠናው የማን ቤት ነው?

ልጅ በጉዲፈቻ ለመቀበል የሚሻ ሰው አስቀድሞ ቤቱ እንዲጠና ይጠየቃል። የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ደጁን አልፎ ይገባል፤ ስንት ክፍል እንዳለ፣ ልጁ የት እንደሚተኛ ይመለከታል፤ ባልንና ሚስትን አንድ ላይም ለየብቻም እያስቀመጠ ስለ አስተዳደጋቸው፣ ስለ ጋብቻቸው፣ ሲቆጡ ምን እንደሚያደርጉ ሳይቀር ይጠይቃል። ከዚያ ወረቀቱ ይከተላል፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የገቢ ማስረጃ፣ የሐኪም ምርመራ፣ ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያረጋግጥ የፖሊስ ደብዳቤ፣ በቅርብ የሚያውቋቸው ሰዎች የጻፉት ምስክርነት። ልጁ ወደ ውጭ አገር ይሄድ በነበረበት ዘመን ይህ ሁሉ ማኅተም በማኅተም ላይ እየተደረገበት ባሕር ተሻግሮ ይመጣ ነበር። «የቤት ጥናት» የሚባለው ይኸው ነው።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉን በማሻሻል የውጭ አገር ዜጎች ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ ከልክሏል። ስለዚህ ወደ ባሕር ማዶ የሚላከው የቤት ጥናት ቀርቷል። ጥያቄው ግን አልቀረም። የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ አለ፤ ልጅን ለጊዜው በአደራ ተቀብሎ ማሳደግም አለ፤ በሁለቱም ቤት ይጠናል፤ በሁለቱም ምስክር ይፈለጋል። ምስክር ሲፈለግ ደግሞ ሰዎች ብዙ ጊዜ ወደ ቁምስናው ወይም ወደ ትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ይመጣሉ፤ መጻፍ ይችላል፣ ሰው ያምነዋል፣ ሁሉንም ያውቃል ይባላልና። እንግዲህ የሚከተለው ሐሳብ ከሁሉ አስቀድሞ ብዕር ለሚይዘው ለዚያ ሰው የተጻፈ ነው።

የቤት ጥናት የሚያስቆጣቸው ምእመናን አሉ፤ ቁጣቸውም ቀላል አይደለም። «ወልዶ የሚያሳድገውን ማንም ‹ቤትህን አሳየኝ› አይለውም፤ እኔ ግን ለሙት ልጅ ልራራ ብዬ እንደ ተከሳሽ እመረመራለሁ» ይላሉ። በተለይ ልጅ ባለመውለድ ብዙ ዓመት ያዘኑ ባልና ሚስት ይህ ምርመራ ቁስላቸውን እንደ መንካት ይሆንባቸዋል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ቤተሰብ በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር፣ መውለድ ያልቻሉ ባለትዳሮች ሕይወታቸው ፍሬ ቢስ እንዳልሆነና ጉዲፈቻም ፍቅራቸው ከሚፈስባቸው መንገዶች አንዱ እንደ ሆነ ማሳሰባቸው ይታወቃል። ታዲያ ፍቅርን ምን ወረቀት ይመዝነዋል?

መልሱ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውስጥ አለ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2378 ልጅ ለማንም የሚገባ ዕዳ ሳይሆን ስጦታ መሆኑን ያስተምራል፤ «ልጅ የማግኘት መብት» የሚባል ነገር እንደሌለ፣ በዚህ ጉዳይ እውነተኛ መብት ያለው ልጁ እንደ ሆነ ይናገራል። ይህን የተረዳ ሰው የቤት ጥናቱ በእርሱ ላይ የቀረበ ክስ እንዳልሆነ ያስተውላል። ገና መናገር የማይችል ሰው «ወዴት ልትወስዱኝ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚሰጠው መልስ ነው፤ ልጁ ሊጠይቅ ስለማይችል ሌላው ይጠይቅለታል። ወደ ምሥጢረ ንስሐ ከመቅረባችን በፊት ሕሊናችንን የምንመረምረው ማንም ስለ ጠረጠረን አይደለም፤ የምንቀርብበት ነገር ታላቅ ስለ ሆነ ነው። የቤት ጥናትም በዚሁ መንፈስ ሊታይ ይችላል፤ ምንም እንኳ የሚያጠናው ባለሙያ ስልቹና ችኩል ሆኖ ይህን መንፈስ የሚያጠፋበት ጊዜ ባይጠፋም።

ደግሞም አባቶቻችን ሳያጠኑ ልጅ ይሰጡ ነበር ማለት ስሕተት ነው። የጡት ልጅ፣ የማደጎ ልጅ የሚሉት ስሞች ከሕግ መጻሕፍት የቀደሙ ናቸው። በኦሮሞ ወገኖቻችን ዘንድ ጉዲፈቻ የሚባለው ሥርዓት ስሙን ለመላው አገር ሕግ አውሷል። በዚያ ሁሉ ጥናቱን የሚያደርገው መንደሩ ነበር። የሚቀበለው ሰው ጠጪ ይሁን ቁጡ፣ ሚስቱ ለጋስ ትሁን ቆንቋና፣ ጎረቤቱና የነፍስ አባቱ ያውቁታል። ልጁ ቢበደል ወሬው ከገበያ ቀን በፊት ለወላጆቹ ይደርሳል። «አሳዳጊ የበደለው» የሚለው ስድብ እንኳ የሚያመለክተው ጥፋቱ ከልጁ ይልቅ ወደ አሳዳጊው እንደሚቆጠር ነው። የጎረቤት ዓይን ባሕር ማዶ ሊያይ በማይችልበት ጊዜ ነው ወረቀት የተተካው።

ችግሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ጉዲፈቻ ሁለት ቤቶችን ያገናኛል፤ ልጁ የሚወጣበትንና የሚገባበትን። በባሕር ማዶ ጉዲፈቻ ግን የተጠናው የሚገባበት ቤት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። በአንድ ወገን ብዙ ገጽ ያለው ጥናት ተጠርዞ ይቀርባል፤ የመኝታ ክፍሉ ስፋትና የባንክ ሒሳቡ ሳይቀር ይመዘገባል። በሌላው ወገን የእናቲቱ ጎጆ በአንድ የቀበሌ ደብዳቤና በሦስት ምስክሮች ቃል ይታለፋል። በአንደኛው ወገን «ይህ ቤት ለልጁ ይሆናልን?» ተብሎ በጥንቃቄ ተጠየቀ። በሌላው ወገን ደግሞ «ይህ ቤት ልጁን ማሳደግ ያቃተው ለምንድን ነው? ምን ቢደረግለት ያሳድገው ነበር?» ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ብቻ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ እስከ ክልከላው ድረስ ከ15,000 በላይ ልጆች በጉዲፈቻ ሄደዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በአንድ ዓመት ብቻ 2,500 ገደማ ነበሩ። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን እስከ ሃምሳ ይደርስ የነበረውን የሚያየውን ጉዳይ ወደ አምስት ዝቅ ማድረጉን አስታወቀ፤ ሰነዶቹን በሚገባ ለመመርመር ጊዜ ያስፈልጋል በማለት። በቀን ሃምሳ ልጅ! አንድ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ቢቀመጥ እንኳ ለአንዱ ልጅ ስንት ደቂቃ እንደሚደርሰው አንባቢ ራሱ ያስላው።

በወረቀቶቹ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቃል «ወላጆቹ የሞቱ» የሚል ነበር። ቋንቋችን ራሱ እዚህ ላይ የሚያስተምረን ነገር አለ። በግእዝ እጓለ ማውታ የሚባለው፣ በአማርኛ የሙት ልጅ የምንለው፣ ወላጁ በእርግጥ የሞተበት ነው። ድሃ አደግ የምንለው ግን በድህነት ያደገ ማለት ሲሆን በልማድ ለሁለቱም ይነገራል። በአንደበት ሲነገር ጉዳት የለውም፤ ርኅራኄን ያሰፋል እንጂ። ወደ መዝገብ ሲገባ ግን ድህነት እንደ ሞት ተቆጠረ። በ2000ዎቹ ዓመታት ስለ ኢትዮጵያ ሲነገር በሰፊው ይጠቀስ የነበረው «አምስት ሚሊዮን ወላጅ አልባ ሕፃናት» የሚለው ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ በዩኒሴፍ አቆጣጠር አንድ ወላጁን ብቻ ያጣ ልጅም በዚያ ይገባልና ከእነዚህ የሚበዙት እናት ወይም አባት ነበራቸው።

እናቶቹም የፈረሙትን ነገር ሁሉም እንደ ተረዱት ማለት አይቻልም። በአገራችን ልማድ ልጅን ለሌላ መስጠት ዝምድናን ማብዛት እንጂ መቁረጥ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በአንቀጽ 183 ይህንኑ ልማድ ተከትሎ፣ የጉዲፈቻ ልጅ ከወለደው ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር እንደ ተጠበቀ ይኖራል ይላል፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ብቻ የጉዲፈቻው ቤተሰብ እንዲቀድም ያዛል። የብዙ ምዕራባውያን አገሮች ሕግ ደግሞ የቀድሞውን ዝምድና ፈጽሞ ያቋርጣል። እናቲቱ በአንድ ሕግ አሰበች፤ ልጁ በሌላ ሕግ ሄደ። ነቢዩ ሳሙኤልን ለቤተ መቅደስ የሰጠችው ሐና በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት እንደ ነበር መጽሐፍ ቅዱስ ይነግረናል። ቁመቱን በዓይኗ ለክታ፣ በሚቀጥለው ዓመት ምን ያህል እንደሚያድግ ገምታ ነው የምትሰፋው። የብዙ ኢትዮጵያውያን እናቶች ተስፋ ይህ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2012 በዴንማርክ «ሜርሲ ሜርሲ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ታየ። በኤች.አይ.ቪ. የተያዙ ኢትዮጵያውያን ባልና ሚስት ብዙ ዕድሜ እንደማይኖራቸው አምነው ሁለት ልጆቻቸውን ለዴንማርካውያን ቤተሰብ ሲሰጡ ያሳያል። ወላጆቹ መድኃኒት አግኝተው በሕይወት ኖሩ፤ ስለ ልጆቻቸው ይመጣል የተባለውን ወሬ ግን በከንቱ ሲጠብቁ ይታያሉ፤ ሴቲቱ ልጅም ከአሳዳጊዎቿ ቤት ወጥታ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ተቋም ገባች። ኢትዮጵያ ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከአሳዳጊዎቹ ሪፖርት እንዲላክ ትጠይቅ ነበር፤ ቅጹ ነበረ፣ ጊዜውም የተወሰነ ነበረ። ሪፖርቱ ግን ቢመጣም የሚደርሰው ወደ መሥሪያ ቤት ነው፤ ከመሥሪያ ቤቱ እስከ እናቲቱ ጎጆ ያለውን መንገድ የሚሄድ ሰው አልተመደበም።

ደግሞ የተጠናው ቤትም ቢሆን ሁልጊዜ ደኅና አልሆነም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2011 በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት ሐና የተባለች ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ የተወሰደች ልጅ በአሳዳጊዎቿ ቤት ጓሮ በብርድ ሞታ ተገኘች፤ በረኀብና በድብደባ ትቀጣ እንደ ነበር በፍርድ ቤት ተረጋገጠ፤ ሁለቱም አሳዳጊዎቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ጥፋተኞች ተብለው ለረጅም ዓመታት ታሰሩ። የአሜሪካ ሕግ ከውጭ አገር ልጅ የሚወስድ ሁሉ የቤት ጥናት እንዲደረግለት ያስገድዳል። እነዚህም በዚያ በር አልፈው ነው ልጅቱን የወሰዷት። የእኛ የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 195 ጉዲፈቻ አይፈርስም ካለ በኋላ፣ አሳዳጊው ልጁን እንደ ልጅ በመንከባከብ ፈንታ እንደ ባሪያ ከያዘው ግን ፍርድ ቤት ሊያፈርሰው እንደሚችል ይደነግጋል። ሕግ አውጪው እንዲህ ያለውን ክፉ ነገር አስቀድሞ ማሰቡ ያስደንቃል፤ ነገር ግን ያቺ ልጅ ይህን አንቀጽ ይዛ ወደ የትኛው ችሎት ትሄድ ነበር?

እንግዲህ ወደ ምስክሩ እንመለስ፤ የሕሊና ጥያቄው የሚከብደው በእርሱ ላይ ነውና። በሐሰት የመሰከሩት ሁሉ ጉቦ የበሉ ክፉዎች ቢሆኑ ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ባላስፈለገ ነበር። ገንዘብ ያታለላቸው እንደ ነበሩ አይካድም። ሆኖም ብዙው ሰው እንዲህ ነው ያሰበው፦ «ይህች ሴት አምስት ልጆች አሏት፤ ዝናብም የለም። ባሏ ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው። ልጁ ሄዶ ይማራል፣ ይጠግባል። ‹አባቱ ሞቷል› ብዬ ብፈርም ማንን እጎዳለሁ?» ይህ የርኅራኄ ሐሰት ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የሚያስቸግረው ይህ ነው።

ቅዱስ አውጎስጢኖስ ስለ ሐሰት ሁለት መጻሕፍት ጽፏል። በኋለኛው ላይ በጽኑ የታመመ አባትን ምሳሌ ያነሣል። አንድ ልጁ ሞቶበታል፤ አያውቅም፤ «ልጄ በሕይወት አለን?» ይላል፤ እውነቱን ቢሰማ ይሞታል ተብሎ ይፈራል። ቅዱሱ ይህ ጥያቄ እጅግ እንደሚያስጨንቀው ሳይሸሽግ፣ ያም ሆኖ ሐሰት አይፈቀድም ወደሚለው ደረሰ። ብዙ አንባብያን በዚህ ላይ አውጎስጢኖስ ጨክኗል ይላሉ፤ እኔም ስለዚያ በሽተኛ ምን እንደምመልስ በቀላሉ አልወስንም። የእኛ ጉዳይ ግን ከዚያ ይለያል። በዚያ ሐሰቱ የሞተውን ሕያው ቢያደርግ በሽተኛውን ለአንድ ሌሊት ያሳርፈዋል፤ በዚህ ሐሰቱ ሕያውን ሙት ያደርጋል፤ ለአንድ ሌሊትም ሳይሆን ለልጁ ዕድሜ ሙሉ፣ ከዚያም አልፎ ለልጁ ልጆች። ልጁ አድጎ ሥሩን ሲፈልግ የሚያገኘው መቃብር ነው፤ ያውም የሌለ መቃብር። እናቲቱም ከልጇ መዝገብ ላይ በሕይወት ሳለች ተፍቃለች።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ሐሰቱ አስፈላጊ እንኳ ያልነበረ መሆኑ ነው። ሕጉ በአንቀጽ 191 ሁለቱም ወላጆች በሕይወት ካሉና ከታወቁ ሁለቱም እንዲስማሙ ያዛል፤ ከሁለቱ አንዱ የሞተ፣ የጠፋ፣ ያልታወቀ ወይም ፈቃዱን መግለጽ የማይችል እንደ ሆነ ግን የሌላው ፈቃድ ይበቃል። «የጠፋ» የሚለው ቃል በሕጉ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ቃሉ እውነት ነበር፤ ለመጻፍም ከ«ሞተ» ብዙም አይረዝምም። ነገር ግን የጠፋ ሰው ይፈለጋል፤ ፍለጋውም ጊዜ ይወስዳል። የሞተ ግን አይፈለግም።

በሸሕዲና በመተማ ቆላ ይህ የቃል ጨዋታ አይደለም። በየዓመቱ ከደጋው ብዙ ሺህ ሰው ለሰሊጥ አረምና አጨዳ፣ ለጥጥ ለቀማ ወደዚያ ይወርዳል። ከፊሉ ወባና ካላዛር ይይዘዋል፤ ከፊሉ እንደ ወጣ ይቀራል፤ ከፊሉ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ገላባትና ወደ ገዳሪፍ ይዘልቃል፤ ከፊሉ እዚያው ሌላ ትዳር ይይዛል። በደጋ መንደር ሚስቱ «ቆላ ወርዶ ቀረ» ትላለች። «ቀረ» ማለት ሞተ ማለት አይደለም። ለዚያ ሰው ልጅ ምስክርነት የሚጽፍ መምህር በደጋ ያለ ከሆነ፣ በቆላ ያለውን ወንድሙን «እንዲህ ያለ ሰው ታውቃለህን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው በአንድ ስልክ ይደርሳል፤ ምእመናን ከደጋ እስከ ቆላ ተበትነው መኖራቸውም እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ በመተማ በኩል እጅግ ብዙ ሕዝብ ተሰድዶ ገብቷል፤ ኩመርና አውላላ የሚባሉት የስደተኞች ጣቢያዎችም የተቋቋሙት በዚያ ጊዜ ነው። በእንዲህ ያለ ሽሽት ልጅ ከእናቱ እጅ ያመልጣል። በጭነት መኪና ላይ የተጫነው አንድ ወገን፣ በእግሩ የቀረው ሌላ ወገን ይሆናል። ብቻውን የተገኘ ልጅ ታዲያ ወላጅ የሌለው መስሎ ይታያል። የሚያየው ሰው ልቡ ይነካል፤ ወዲያው ወደ ቤቱ ሊወስደው፣ ስም ሊያወጣለት ይመኛል። እንዲህ ያለው ልብ ባይኖር ዓለም ባልቆመች ነበር፤ የፈርዖን ልጅም ሙሴን ከወንዝ ያወጣችው በዚህ ልብ ነው። ሆኖም እርሷ እንኳ ሳታውቀው ሕፃኑ ለገዛ እናቱ ተመልሶ ጡት ጠባ፤ እኅቱ በሩቅ ቆማ ትጠብቅ ስለ ነበር።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 «የዞኤ መርከብ» የተባለ የፈረንሳይ ማኅበር ሰዎች በቻድ 103 ሕፃናትን በአውሮፕላን ሊያወጡ ሲሉ ተያዙ። ልጆቹ የዳርፉር ሙት ልጆች ናቸው ብለው ነበር፤ ቁስል ለሌለባቸውም ፋሻ ጠቅልለውላቸው ነበር። ሲጣራ አብዛኞቹ የቻድ ልጆች ሆኑ፤ ወላጆቻቸውም በሕይወት ነበሩ። በፈረንሳይ ልጆቹን ሊቀበሉ በአውሮፕላን ጣቢያ የተሰበሰቡት ቤተሰቦች በቅን ልብ የመጡ ነበሩ። ቅን ልባቸው ግን የቻዷን እናት ከሕልውና ሊያጠፋት ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ከዚሁ ከምዕራብ ጎንደር ምድር፣ ከቋራ የተነሡት የዓፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁም የሚታወስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ በኋላ ሰባት ዓመት ገደማ ሳለ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ዐረፉ። ንግሥት ቪክቶሪያ አዘኑለት፤ መልካም አሳዳጊ ተሰጠው፤ መልካም ትምህርት ቤት ገባ። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞቶ በዊንድሶር ተቀበረ። አያቱ ከኢትዮጵያ ደብዳቤ ይጽፉለት ነበር። ስለ ልጁ በተደረገው ውሳኔ ውስጥ የእርሳቸው ቤት አልተጠናም፤ «አያት አለው» ተብሎ የተቆጠረለትም አይመስልም።

ታዲያ የቤት ጥናት ምስክርነት እንዲጽፍ የተጠየቀ መምህር ምን ያድርግ? ስለሚቀበለው ቤት ሲጠየቅ ያየውን ይጻፍ፤ «ደግ ሰው ነው» ከማለት ይልቅ መቼ፣ ለማን፣ ምን ሲያደርግ እንዳየው ቢጽፍ ባለሙያው ይጠቀማል። የሚያሳስበው ነገር ካለ ለወረዳው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ በቃል ይንገር፤ በንስሐ የተነገረ ነገር ግን ከቶ አይነካም፤ ይህን ካህናት ያውቁታል፣ መምህራንም ሊያውቁት ይገባል። ስለ ልጁ ቤት ሲጠየቅ ደግሞ በቅጹ ላይ ያልተጠየቀውንም ይጨምር፤ በሕይወት ያለ አጎት፣ አክስት፣ አያት፣ የክርስትና አባት ካለ ስማቸውንና መንደራቸውን። አንዲት እናት ልጇን የምትሰጠው የወር አስቤዛ ስላጣች ብቻ ከሆነ ያ ጉዳይ ከጉዲፈቻ አስቀድሞ የቁምስናው የምጽዋት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በሄግ የተፈረመው ስለ ባሕር ማዶ ጉዲፈቻ የሚናገረው ስምምነትም፣ ኢትዮጵያ ባትገባበትም፣ የሚጀምረው ልጁ ከወለደው ቤተሰብ ጋር እንዲቆይ መጣር ቀዳሚ ነው በማለት ነው። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ቤተሰብ በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር ቁጥር 179 የጉዲፈቻ ሥርዓት እንዲቀል ሲያሳስቡ፣ በቀጣዩ ቁጥር 180 ሕፃናትን በአገሮች መካከል መነገድ በሕግ እንዲታገድ ጠይቀዋል። ሁለቱን አከታትለው መጻፋቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

የጥምቀት መዝገብም አለ። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግጋተ ቀኖና በቁጥር 689 የጉዲፈቻ ልጅ ሲጠመቅ የአሳዳጊዎቹ ስም እንዲጻፍ፣ የአገሩ የሲቪል መዝገብም እንዲሁ የሚያደርግ ከሆነ የወላጆቹም ስም አብሮ እንዲገባ ያዛል። ወላጆቹ ያልታወቁ ልጅ ሲመጣ ያ ስፍራ ባዶ ይቆይ፤ ለመሙላት ሲባል ስም አይፈጠር። በኅዳጉ ግን ልጁ የተገኘበት ቀንና ቦታ፣ ያመጣው ሰው፣ ለብሶት የነበረው ልብስ፣ የሚናገረው ቋንቋ ይጻፍ። አፍ የፈታ ልጅ ከሆነም በመጀመሪያዎቹ ቀናት እያለቀሰ የሚጠራቸው ስሞች ሁሉ እርሱ እንደሚጠራቸው ይመዝገቡ፤ የእናት ይሁን የእኅት፣ የፍየል ወይም የውሻ ስም መሆኑ ለጊዜው ባይለይም።